ስለ ተረሱ ሸክላዎች

ሰው ገንዘብ ሲጥል ቶሎ ያውቀዋል፤ ኪሱን ሲዳብስ ባዶ ይሆንበታልና። ድምፅ ሲጥል ግን ሌላ ሰው አንሥቶ እስኪያሳየው ድረስ መጣሉን እንኳ አያውቅም። በዚህ ጥፋት ከሁሉ አስቀድሜ የምከሰው ራሴን ነው።

አባቴ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩት። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዱን ያወጣና አቧራውን በነጠላው ጫፍ ጠርጎ በማጫወቻው ላይ ያኖረዋል፤ መርፌው እስኪያርፍ ድረስም በቤታችን ማንም አይናገርም ነበር። ካሴት በመጣ ጊዜ ግን እኔ «ይህስ ያረጀ ነገር ነው» ብዬ ሣጥኑን ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ሰቀልሁት። ከብዙ ዓመት በኋላ ባወርደው የበጋው ሙቀት ሸክላዎቹን አጉብጧቸው፥ ደኅና ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ሆኑ። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለእኔ ነው።

እነዚያ ሸክላዎች እንዴት እንደ ተገኙ ያወቅሁት ከጠፉ በኋላ ነው። ዘመኑን እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ልናገር፤ በ1948 በወጣ ዐዋጅ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 ግን የሸክላ ሱቅ የነበራቸው ወጣቱ አቶ አምኃ እሸቴ የሚመጣውን ቅጣት ሳይፈሩ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችን አወጡ፤ ከዚያም አብዮቱ አገሩን ሲለውጠው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። እንግዲህ እኔ ከጣራ ሥር የሰቀልሁት ነገር ሌላው ሰው ለእስራት ራሱን አዘጋጅቶ የሠራው ሥራ ነበር።

የጣልነውንም ያነሣው የሩቅ ሰው ሆነ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባሉ ፈረንሳዊ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምተው ተደነቁ፤ በ1986 «ኧረ መላ መላ» በቤልጂግ አገር እንደ ገና ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም እኒሁ ሰው «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ሠላሳ ያህል ስብስቦችን በፓሪስ አወጡ። አንዳንድ ሰዎች «ፈረንጅ ሀብታችንን ወሰደብን» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ግን ይህን ለማለት አፍ የለኝም። ከመንገድ ላይ የወደቀን ዕቃ ላነሣ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ የጣለው ሰው ሊቈጣው አይገባም።

ነገር ግን ምስጋና ፍርድን ማስቀረት የለበትም። ከእነዚህ ስብስቦች ሁለቱን አስተያይቼ የታየኝን እናገራለሁ። በ1998 የወጣው ቁጥር 4 የሙላቱ አስታጥቄ ነው። በዚህ ውስጥ ዋናው ነገር መሣሪያ ስለሆነ፥ ማንም ሕዝብ ያለ አስተርጓሚ ይሰማዋል፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ ሙዚቃውን ከፊልማቸው ካገቡት ወዲህ ዓለምን ዞረ። በ2003 የወጣው ቁጥር 16 ግን የወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ነው። አስናቀች የመድረክ ተዋናይት ነበሩ፤ ክራራቸውም እንደ ጓደኛ ሆኖ ቃላቸውን ይከተላል። አማርኛ የማያውቅ ሰው ሲሰማቸው «መልካም ድምፅ ነው፤ ዜማው ግን ይደጋገማል» ሊል ይችላል። አልተሳሳተም፤ ዜማው ይደጋገማል። የማይደጋገመው ቃሉ ነው። ማሞገስ የመሰለው መውጋት ይሆናል፤ ልመና የመሰለው ኩራት ይሆናል። ቃሉንም ከመጣላቸው በፊት እንደ ተዋናይ ጥቂት ይዘገያሉና፥ የሚሰማው ሰው ሳይፈልግ ጆሮውን ያዘነብላል። ስለዚህ በእኔ ፍርድ ከሁለቱ የሚከብደው ቁጥር 16 ነው፤ የዓለም ጆሮ ግን ወደ ቁጥር 4 አዘነበለ።

በዚህ ዓለምን አልወቅስም። የባዕድ ሰው ሰሙን ቢያገኝ ብዙ አገኘ፤ ወርቁን ማውጣት የባለ ቋንቋው ሥራ ነው። የሚያሳፍረው እኛም እነዚህን ዘፈኖች እንደ ባዕድ መስማት መጀመራችን ነው። ወጣቶች ዛሬ «የድሮ ዘፈን እወዳለሁ» ሲሉ ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ስንኙ ምን ይላል ብዬ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። የፈረንጅ ሙገሳ ካልመጣ በቀር የራሱን ነገር የማይወድ ሰው፥ ሙገሳው በቆመ ቀን ፍቅሩም ይቆማል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሸክላዎቹን ያሰሙና የሰሙ ሰዎች አንድ በአንድ እያለፉ ናቸው። ወይዘሮ አስናቀች በ2011 ዐረፉ፤ አቶ አምኃም በ2021 ተከተሉ። እኔ ከተረፉት ሁለት ሸክላዎች በአንዱ ላይ ከዘፋኙ ስም በቀር ምንም ተጽፎ ስላላገኘሁ፥ ወደ አንድ አረጋዊ ጎረቤቴ ይዤው ሄድሁ። ጥሩምባውን የነፋው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ድምፅ ዐውቀው ነገሩኝ፤ ሳልገባቸው የኖሩትን ሁለት ስንኞችም ፈቱልኝ። ያን ጊዜ ስሙንና ፍችውን በሸክላው ልባስ ላይ ጻፍሁ። ይህን ለመሥራት ገንዘብም ትልቅ ትምህርትም አላስፈለገኝም፤ ያስፈለገኝ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ መሄድ ብቻ ነበር። አባቴን ግን ሳልጠይቀው አመለጠኝ።