«ካሜራው ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት

በየክርስትናውና በየሠርጉ ግብዣ ላይ አንድ ሰው አዲስ ስልክ ከኪሱ ብቅ ሲያደርግ ምን እንደሚከተል ውድ አንባቢያን አትስቱትም። «ካሜራው ስንት ነው?» ይባላል። ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ አንዱ ፎቶ ያነሣበታል፣ ሌላው ክብደቱን ይመዝናል፣ ሦስተኛው ዋጋውን ሰምቶ ራሱን ይነቀንቃል። «ስንት ዓመት ይቆያል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኔም ብሆን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ያስጠየቀኝ የእናቴ ነገር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ ስልክ ስገዛ አሮጌውን ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁላት። ምርቃቱንም በደንብ ተቀበልሁ። ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ደከመና በወሬያችን መካከል ጥፍት ይል ጀመር። ሞባይል ጠጋኙ ጘርባው በሙጫ የታሸገ መሆኑን አይቶ «ስከፍተው ቢሰበር ኃላፊነት አልወስድም» ብሎ መለሳት። ቀጥሎ ደግሞ የምንገናኝበት ፕሮግራም ስልኩ አርጅቷል ብሎ ዘጋባት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት በጎረቤት ስልክ ነው። እርሷ ግን «ስልኩስ ደህና ነው ልጄ፤ እኔ ነኝ የማልችልበት» አለችኝ። እኔ የጨረስሁትን ዕቃ ልኬላት ጥፋቱን በራሷ ላይ አደረገችው።

እንግዲህ ባለፈው ጊዜ ስልክ መለወጥ ግድ ሲሆንብኝ ጓደኞቼ ያልሰሙትን ፌርፎንን መረጥሁ። ስሙ ፍትሐዊ ስልክ እንደማለት ነው። ኩባንያው በ2013 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም የተቋቋመ ሲሆን፣ መነሻውም በኮንጎ የማዕድን ቁፋሮ ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለማሳወቅ የተጀመረ ዘመቻ ነበር። እኔ የገዛሁት በጁን 2025 እ.ኤ.አ. በ599 ዩሮ ለገበያ የቀረበውን ስድስተኛውን ትውልድ ነው።

ምክንያቴን ላስረዳ። ስልክን የሚገድሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የባትሪው ድካም ነው፤ የሊቲየም ባትሪ በተሞላና በጎደለ ቁጥር አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ይህም በየትኛውም ኩባንያ ስልክ ላይ የማይቀር ነው። ሁለተኛው የፕሮግራም ማሻሻያ መቋረጡ ነው። አምራቹ ማሻሻያ መላኩን ሲያቆም ስልኩ ለሌባ ክፍት እየሆነ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም የባንክና የመገናኛ ፕሮግራሞች አንቀበልህም ይሉታል። ፌርፎን ለመጀመሪያው የሰጠው መልስ አንዲት ካቻቢቴ ናት፤ ባትሪውን፣ ስክሪኑን፣ የቻርጀር መሰኪያውን ጨምሮ 12 ክፍሎቹን ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ ይለውጣቸዋል። ለሁለተኛው ደግሞ እስከ 2033 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ እልካለሁ ብሏል። ስልኩን ላስመዘገበ ገዢም የአምስት ዓመት ዋስትና ይሰጣል።

ይሁንና ያመሰገንሁትን ያህል መንቀፍም ይገባኛል። በዚህ ዋጋ ከሌሎች የሚገኘው ካሜራ ይበልጠዋል፤ በተለይ በምሽት የተነሣ ፎቶ ላይ ልዩነቱ ይታያል። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም። ርጭትን እንጂ ውኃ ውስጥ መግባትን አይችልም። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የባትሪው ነገር ነው፤ በአምስተኛው ትውልድ ክዳኑ በጥፍር ተነሥቶ ባትሪው በእጅ ይወጣ የነበረውን፣ በአዲሱ በብሎን አሰሩት። በጥገና ስሙን ያስጠራ ኩባንያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መሄዱ አይመሰገንም።

ዕድሜ የፌርፎን ብቻ ነው ብል ደግሞ ሐሰት ይሆናል። ጉግል ከፒክስል 8 (2023 እ.ኤ.አ.)፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 (2024 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል። የአውሮጳ ኅብረትም ከጁን 20 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለገበያ የሚቀርቡ አዳዲስ ስልኮች ሽያጫቸው ካበቃ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት ማሻሻያ፣ ሰባት ዓመት ደግሞ መለዋወጫ እንዲያገኙ በሕግ አስገድዷል። ነገር ግን የሰባት ዓመት ማሻሻያ በሙጫ ከታሸገ ጀርባ ጋር ሲሆን፣ ባትሪው በአራተኛው ዓመት ሲደክም ሰው ወደ ጠጋኝ ከመሄድ አዲስ መግዛቱን ይመርጣል። ቃሉም ሳይፈጸም ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ አለዚያም እንደኔው ወደ አገር ቤት ይላካል።

«ታዲያ ፌርፎኑን በመጨረሻ ለእናትህ ልትልክላት ነው?» አለኝ አንድ ወዳጄ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን አይደለም ነው። የኩባንያው ዋና ገበያ አውሮጳ ነው፤ የአዲስ አበባ ጠጋኝ መለዋወጫውን ከየትም አያገኘውም። እርሱ የሚያውቀው ቴክኖንና ሳምሰንግን ነው፤ የቴክኖ አምራች እንዲያውም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል። በአምስተርዳም ቀላል የሆነ ጥገና በመርካቶ ጭንቅ ሊሆን ይችላል። ስልክ የሚመረጠው ባለቤቱ በሚኖርበት አገር ነው።

ስለዚህ እኔ ይህንን ስልክ የመረጥሁት ለማውረስ ሳይሆን ላለማውረስ ነው። በየሁለት ዓመቱ የማወጣውን ገንዘብ ካላወጣሁ፣ ከተረፈው ላይ ለእናቴ በሰፈሯ የሚጠገን አዲስ ስልክ እዚያው እገዛላታለሁ። ባለፈው ገና ይህንኑ አድርጌያለሁ። ሣጥኑን ራሷ ከፈተችው፤ «ማንም ያልነካው ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። በዚያች ጥያቄ ያለፉትን ዓመታት ስጦታዎቼን ሁሉ አስታወስኋቸው፤ አፈርሁም።

ውድ አንባቢያን፣ ፌርፎን ግዙ ብዬ አልሰብክም፤ የጨለማ ፎቶ የሚወድ ሌላ ቢገዛ አልፈርድበትም። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ግን ከካሜራው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ባትሪው ሲደክም የሚለውጠው ማን ነው? ማሻሻያው እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ይመጣል? ከእኔ በኋላስ በማን እጅ ይገባል? ሻጩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ካልመለሰ ወደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የሦስተኛው መልስ ያለው ግን በእኛው ዘንድ ነው።