ፊልትሮውን እጅ ይድረሰው

ከሚሴ ውስጥ አሮጌ ሚኒባስ የሚጠግን ሰው ከተለማማጆቹ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ ጃፓን ያሰረውን የናፍታ ፊልትሮ ለምን ቦታ ያስቀይሩታል?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። «ዶልፊን» የምንለው ቶዮታ ሃይኤስ በጃፓን ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተመረተ ጠንካራ መኪና ነው፤ 3ኤል የሚባለው 2,779 ሲሲ የናፍታ ሞተሩም ከያዙት ይኖራል። ችግሩ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር መቀመጡ ነው። ፊልትሮውን ለመንካት ተሳፋሪ ይወርዳል፣ ወንበር ይነሳል፣ እጅ የጋለ ብረት መሃል ይገባል። ይህን ጣጣ በየጠዋቱ የሚችል ሾፌር የለም። ስለዚህ ፊልትሮው ከናፍታው የለየው ውሃ ሳይወጣ ይከርማል።

ማደያ ሲደርቅ ከጀሪካን በተቀዳ ናፍታ ውስጥ ውሃና ደለል አይጠፋም። ቀን በጨፋ ሜዳ ሙቀት ግሎ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ግማሽ ባዶ ታንከርም ከአየሩ እርጥበት የራሱን ውሃ ያጠራቅማል። የዚህ ሞተር ፖምፓ ደግሞ የሚለሰልሰው በውስጡ በሚያልፈው ናፍታ ነው። ውሃ ሲገባበት ይዝጋል፣ ይፋቃል፤ ባለንብረቱንም ያከስራል።

የዚህ ጸሐፊ አቋም ግልጽ ነው። ፊልትሮው ከነእጅ ፖምፓው ከወንበር ሥር ይውጣ። ከፊት ጎማ ኋላ፣ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ጠጠር እንዳይመታው በላሜራ ተከልሎ በሻንሲው ጎን ይታሰር። ሾፌሩ ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ ቁጢጥ ይላል፣ አንገቱ የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከሥሩ ይደግናል፣ የማፍሰሻውን ቡሎን ያላላል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃው ነው። ከፕላስቲኩ ታች ጠርቶ ይቀመጣል፤ ቢጫው ናፍታ በላዩ ይንሳፈፋል፤ በመሃላቸው ያለው መስመር በዓይን ይታያል። ንጹሕ ናፍታ ብቻ መውረድ ሲጀምር ቡሎኑ ይጠበቃል።

ሥራው የሚበላሸው ቱቦው ላይ ነው። ከታንከር እስከ ፖምፓ ያለው መስመር በመሳብ ስለሚሠራ፣ የላላ መጋጠሚያ ናፍታ አያንጠባጥብም፤ አየር ይስባል። ተለማማጅ የረጠበ ቦታ ሲፈልግ ይውላል፣ መኪናው ግን ጠዋት እንቢ እንዳለ ነው። ስለዚህ መጋጠሚያ ማብዛት ክልክል ነው፤ ፖምፓው አጠገብ ደግሞ ናፍታ የሚችል አጭር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይግባ። አረፋው እዚያ ይታያል።

ተቃራኒው ወገን «ታንከሩ አጠገብ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግጠምና ተገላገል» ይላል። ይህ ክርክር ዋዛ አይደለም። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር የሚወጣ መኪና የሚያገኘው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ናፍታውን ከታንከር ወደ ፖምፓው የሚገፋውም ይኸው ግፊት ነው። ከሚሴ ላይ በደህና የሄደ ግማሽ የተደፈነ ፊልትሮ ዳገቱ ላይ ሞተሩን ያስርባል። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግን ድፍኑን አይከፍተውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ፊውዙ ሲቃጠል ደግሞ መኪናው ብርድ ላይ ተገትሮ ያድራል።

ይህ ጸሐፊ በዚህ ነገር ግትር የሆነው ለብረቱ ብሎ ብቻ አይደለም። ሰንበቴ እሑድ፣ ባቲ ሰኞ ይገበያል። ሌሊት በር ላይ ሸቀጧን ይዛ የቆመች ነጋዴ መኪናው ካልተነሳ የሚያመልጣት የአንድ ቀን ጉዞ ሳይሆን የሳምንት ገበያ ነው። ለሙያው ትርጉም የሰጠው እነዚህን ሰዎች በሰዓታቸው ሲሄዱ ማየቱ ነው።

ዶልፊን ያላችሁ ሁሉ፣ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ከመግዛታችሁ በፊት ፊልትሮውን እጃችሁ ወደሚደርስበት አውጡት። ሥራውን ስትረከቡም ሞተሩ ተነስቶ እያለ ብርሃን አስተላላፊውን ቱቦ ተመልከቱ፤ አረፋ ካያችሁበት መኪናውን ከጋራዥ አታውጡ።