የእንቁጣጣሽ ሥዕልና የሕፃናት ጠባይ መታነጽ

በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች «አበባየሆሽ» እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባ ወይም መልአክ ሥለው ለዘመድና ለጎረቤት ማበርከታቸው የቆየ ልማድ ነው። ከጊዜ ወዲህ ግን በከተሞች በማተሚያ የተባዛ ሥዕል ገዝቶ ማደል ተለምዷል። ነገሩ ተራ ቢመስልም፣ በሕፃናት የፈጠራ ችሎታና በጠባይ መታነጽ መካከል ያለውን ግንኙነት ለሚመረምር መምህር ከባድ ጥያቄ ያነሣል።

ሥዕሉን ራሱ የሚሠራ ልጅ የሚሥለውን ይመርጣል፤ ያበላሻል፤ ደምስሶ እንደገና ይጀምራል። ለአክስቱ የሚሆነውን ለጎረቤት ሽማግሌ ከሚሆነው ሲለይም ስለ ሌላው ሰው ደስታ ያስባል። «ማን ሣለው?» ሲባል «እኔ» ብሎ ምስጋናውንም ነቀፋውንም ይቀበላል። በዚህ ዓይነት ትዕግሥት፣ አሳቢነትና እውነተኛነት ሳይሰበኩ ይለመዳሉ። የታተመውን የሚያድለው ልጅ ግን የሚጠብቀው ሳንቲሙን ብቻ ነው።

ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያስረዳል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ከሆናቸው ሥዕል ወዳድ ሕፃናት መካከል አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው፣ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ በግማሽ ያህል አንሶ ተገኝቷል። ሳያስቡት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። እንግዲህ ጉዳቱ ከስጦታው ሳይሆን፣ ስጦታው የሥራው ዓላማ ከመሆኑ ነው።

ጉድለቱ በመንደር ብቻ አይወሰንም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ሕፃናት ትምህርት በሕፃኑ ሁለንተናዊ ዕድገት ላይ እንዲያተኩር አመልክቶ ነበር። ሆኖም ሥዕል ማለት መምህሩ ባዘጋጀው ንድፍ ውስጥ ቀለም መሙላት ብቻ የሆነባቸው ክፍሎች አሉ። ይባስ ብሎም ለወላጆች በዓል ሲባል የልጁን ሥራ መምህሩ አሳምሮ የሚጨርስበት ጊዜ አለ። ልጁ ከዚህ የሚማረው የራሱ ሥራ እንደማይበቃና የሌላውን ድካም የራስ አስመስሎ ማቅረብ እንደሚፈቀድ ነው። በግብረ ገብ ክፍለ ጊዜ ስለ እውነተኛነት የተነገረው ሁሉ በዚህ ይፈርሳል።

በንድፍ ውስጥ መቀባት እጅን ለጽሕፈት ያዘጋጃል የሚሉ መምህራን አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ይህ ልምምድ እንጂ ፈጠራ አይደለም። ፈጠራም ብቻውን መልካም ጠባይን አያስገኝም፤ ብልህ ልጅ ብልሃቱን ለማታለል ሊያውለው ይችላልና። ሁለቱን የሚያስተሳስራቸው ልጁ ሥራውን ራሱ መርጦ፣ እስከ ፍጻሜው ደክሞበትና ለሌላው አበርክቶ ኀላፊነቱን ሲወስድ ነው።

ይህም ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ በአንድ ወገን የተጻፈበት ወረቀት፣ ከሰልና ጭቃ ይበቃሉ። ከዕቅድ አውጪዎች የሚጠበቀው በቂ ክፍለ ጊዜ መመደብ ሲሆን፣ ከመምህራን የሚጠበቀው ደግሞ እጃቸውን ከልጁ ሥራ መሰብሰብ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አበባ ቢጣመምም የልጁ ይሁን።