እጅ የማይታይበት ጥበብ

የዓሣ መለኪያ ሰሌዳ ሲያዩት የጥበብ ዕቃ አይመስልም። መሃሉ ላይ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ መስመር አለው፤ አንዱ ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ ማገጃ ቆሟል፤ ዜሮው ከማገጃው ሥር ይጀምራል። ሌላ ነገር የለውም። ተጠንቅቆ የተሠራውን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው ግን እያንዳንዱ ነገር አንድ ስህተት ለመከላከል የተቀመጠ ነው። ማገጃው የዓሣው አፍንጫ ከዜሮ እንዳያልፍ ይይዘዋል። ሰሌዳው ወደ መሃል ረገብ ማለቱ ዓሣው እንዳይንሸራተት ነው። መስመሩ ከላይ በቀለም ያልተሰመረው፣ ተቀርጾ የገባውም ጨውና ቅርፊት እየፋቁ እንዳያጠፉት ነው።

ዓሣ የመለካት ሥራ ከሚሠራባቸው ጀልባዎች አንዷ በካሊፎርኒያ፣ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ክፍል የምትንቀሳቀሰው ሮበርት ጂ ብራውንሊ ናት። ርዝመቷ 90 ጫማ ነው። የምታገለግለው እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተውን፣ ሬድዉድ ሲቲ የሚገኘውን ማሪን ሳይንስ ኢንስቲትዩትን ነው። ተማሪዎችን ይዛ ትወጣለች፣ መረብ ትጥላለች፣ የተያዘው ታይቶና ተቆጥሮ ወደ ውሃው ይመለሳል። በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሥራ ሲሄዱ በድልድይ የሚሻገሩት ውሃ ይኸው ነው። በእንዲህ ያሉ ጀልባዎች ላይ ዓሣውን በመለየት፣ በመለካትና በመመዝገብ ያለ ክፍያ የሚያግዙ በጎ ፈቃደኞች አሉ። ይህ ጽሑፍ የእነሱን ሙያ ለማድነቅ ነው።

ሌላው ባለሙያ በእጁ ይታወቃል፤ ሥራውን አይተን የማን እንደሆነ እንናገራለን። የዓሣ መረጃ ሰብሳቢ ዋና ብቃት ግን እጁ አለመታወቁ ነው። ብራና ላይ ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ከራሱ አንዲት ፊደል ሳይጨምር፣ ከፊቱ ካለው አንዲትም ሳይጥል መጨረስ እንዳለበት ሁሉ፣ መረጃ ሰብሳቢዋም ውሃው የሰጠውን ሳትጨምርና ሳትቀንስ ወረቀት ላይ ማሳረፍ አለባት። ዛሬ እሷ፣ ነገ ሌላ ሰው ቢለካ ቁጥሩ አንድ ከሆነ ሙያው አለ፤ ከተለያየ የለም።

ሥራው የሚጀምረው ዓሣ ከመታየቱ በፊት ነው። መረቡ ኦተር ትሮል የሚባለው ጎታች መረብ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ መጨረሻው ጠባብ ከረጢት። አፉን ከፍቶ የሚይዘው ምንም ዓይነት ክፈፍ የለም። ግራና ቀኝ ሁለት ሳንቃዎች በሰያፍ ታስረውበታል፤ ጀልባዋ ስትጎትት ውሃው ይገፋቸዋል፣ እነሱም ወደ ውጭ እየሸሹ አፉን ይበረግዱታል። የላይኛውን ጠርዝ ተንሳፋፊዎች ያነሱታል፤ የታችኛው በክብደቱ ወለሉን እየዳሰሰ ይሄዳል። የሳንቃው አስተሳሰር ትንሽ ከተዛባ አፉ ይጠባል። ገመዱ ለጥልቀቱ ካጠረ መረቡ ከወለሉ ተነስቶ ጭቃ ላይ የተኙትን ዓሦች አልፏቸው ይሄዳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ይህን ማንም ከላይ አያይም፤ የለመደ ሰው ከገመዱ ንዝረትና አዘማመም ይረዳዋል። የጉተታው ፍጥነት የተወሰነ ነው፣ ደቂቃውም በሰዓት ይያዛል። «ዛሬ ዓሣ አልበረከተም፣ ትንሽ እንቆይ» አይባልም፤ ያቺ ትንሽ ደቂቃ የዛሬውን ቀን ከሌሎቹ ቀናት ጋር እንዳይነጻጸር ታደርገዋለች።

ከዓሣው ጎን የውሃው ሙቀት፣ ጨዋማነትና ጥራት ይለካል። ለጥራቱ የሚያገለግለው የሴኪ ዲስክ ነው፤ ጣልያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ አንጀሎ ሴኪ በ1865 ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ የሞከሩት ዘዴ ነው። ክብ ሳህን ጀልባዋ ጥላ በጣለችበት በኩል በገመድ ይወርዳል። ከዓይን ሲሰወር ጥልቀቱ ይያዛል፤ ወደ ላይ ሲሳብ ብቅ ያለበትም ይያዛል፤ የሚጻፈው የሁለቱ አማካይ ነው። ሲወርድ በዓይን የተከተለው ሰው ከጠፋ በኋላም የሚያየው ይመስለዋል፤ ሲወጣ ደግሞ ከየት ብቅ እንደሚል ስለማያውቅ ዘግይቶ ያየዋል። ሁለቱን ማማከል የሰውን ጉጉትም መዘግየትም ያጣፋል። ከዚህ ቀላል መሣሪያ ይህን ያህል የሰው ጠባይ ማወቅ አይጠበቅም ነበር።

መረቡ ወጥቶ ከረጢቱ ሲፈታ ሁሉም የሚሠራበት ቅደም ተከተል አለው። እጅ አስቀድሞ በባሕሩ ውሃ ይርሳል፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፋል። አንቾቪ ቅርፊቷ በትንሽ ንክኪ የሚረግፍ፣ ቶሎም የምትሞት ስለሆነች ቅድሚያ ይሰጣታል። ጭቃ የለመደው ስታግሆርን ስከልፒን ይጠብቃል፤ ስንጥቡ አጠገብ ቀንድ የመሰለ እሾህ ስላለው የሚያነሳውም ሰው ይጠነቀቃል። ነብርማ ሻርክና ባት ሬይ ለብቻቸው በሰፊ ገንዳ ይቀመጣሉ፤ የሬይዋ መርዘኛ እሾህ ጭራዋ ሥር ስለሆነ በዚያ ጎን ማንም እንዲጠጋ አይተውም።

መለየት ከሁሉም ይከብዳል። ወለል ላይ ለጥ ብለው የሚኖሩት ዓሦች ሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ጎን ናቸው፤ ጀማሪ የሚማረው «ቀኝ ነው ወይስ ግራ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኢንግሊሽ ሶል ዓይኑ በቀኝ ነው፣ ስፔክልድ ሳንዳብ በግራ። ከዚያ ስታሪ ፍላውንደር ይመጣና ደንቡን ያፈርሰዋል፤ ቤተሰቡ ባለ ቀኝ ዓይን ተብሎ ሲመደብ እሱ ግን በካሊፎርኒያ ብዙ ጊዜ ባለ ግራ ነው። የበቃችው ዓይኑን ትታ ክንፉን ታያለች፤ ብርቱካንማና ጥቁር ሰንበር ተፈራርቆበታል። ቆዳውም ሻካራ ነው። ሚድሺፕማን የሚባለውን ለማረጋገጥ ገልበጥ አድርጎ ሆዱን ማየት ይበቃል፤ ብርሃን የሚሰጡ ነጥቦች በረድፍ ተደርድረውበታል። ሁሉም ታይቶ የማይለይ ዓሣ ሲያጋጥም ደግሞ «አልተለየም» ተብሎ ይጻፋል። ከእርግጠኛ ግምት ይልቅ ይህን ቃል ለመጻፍ የሚደፍር ሰው መረጃውን ያከብራል።

ልኬቱ ዓይን ቢጨፍኑ የሚያመልጥ ያህል ፈጣን ነው። አፉ ተከድኖ አፍንጫው ማገጃውን ይነካል፣ ጎኑ ሰሌዳው ላይ ያርፋል፣ ዓይን ከጭራው ላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ከጎን ያየ ሰው ሁለት ሚሊ ሜትር ሊያተርፍ ወይም ሊያጎድል ይችላል። ጭራው ሹካ ከሆነ እስከ መለያያው፣ ክብ ከሆነ እስከ ጫፉ ተለክቶ፣ የትኛው እንደተለካ ይጻፋል። ሬይ በስፋቷ ትለካለች። አንድ ዓይነት ዓሣ ሲበዛ የተወሰነው ተለክቶ የቀረው ይቆጠራል። እዚህ ላይ እጅ ሳያስበው ትልቁንና ውቡን ይመርጣል። ይህን የምታውቅ በጎ ፈቃደኛ ዓሣውን በትንሽ መረብ ሳታማርጥ ትጨልፋለች፤ ምርጫውን ከእጇ ትነጥቀዋለች።

ቁጥሩ ሁለት ሰው ያልፋል። አንዷ «ሻይነር ፐርች፣ ሰማንያ ሁለት» ትላለች፤ መዝጋቢው «ሻይነር ፐርች፣ ሰማንያ ሁለት» ብሎ መልሶላት ይጽፋል። ነፋስ፣ ሞተርና የሠላሳ ልጅ ጫጫታ ባለበት ጀልባ ላይ ሰማንያ ሁለት ሰማንያ ስምንት ሆኖ እንዳይቀር የሚጠብቀው ይህ ምልልስ ነው። የሚጻፈው ውሃ በማይበላው ወረቀት ላይ በእርሳስ ነው፤ ስህተት በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ የቀደመው ቁጥር እንዲነበብ። መረቡ ባዶ ሲወጣም ቅጹ ባዶ አይተውም፤ ዜሮ ይጻፋል። ያልተጻፈ ባዶ ቦታ «አልሞከርንም» ሊሆን ይችላል፤ ዜሮ ግን «ሞክረን አጣን» ነው።

ልጆቹ ይህን ሥራ ያዘገዩታል። ይጠይቃሉ፣ ይፈራሉ፣ ከዚያ አንስተን እንያዝ ይላሉ። ቢሆንም ለልጅ ሰሌዳ መስጠት ደንቡን መፈተኛ ነው። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የለካውን ዐዋቂ ደግሞ ሲለካው ቁጥሩ ከተገናኘ፣ ሥራው በማንም እጅ ሊደገም የሚችል ሆኖ ተሰናድቷል ማለት ነው።

የዚህን ጥንቃቄ ዋጋ የሚያወጣው ጊዜ ነው። ከ1973 እስከ 1982 በዚሁ የባሕረ ሰላጤው ደቡባዊ ክፍል በጎታች መረብ የተሰበሰበ የዓሣና የውሃ መረጃ በ1989 በአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ታትሟል። በ2022 ኦገስት ላይ የባሕረ ሰላጤውን ውሃ ቡናማ ያደረገ የአልጌ ብዛት ተነስቶ ስተርጅን የሚባሉ በርካታ ዓሦች ሞተው ዳር ወጡ። የሞተው ዳር ላይ ይታያል፤ ምን እንደጎደለ የሚታወቀው ግን ቀድሞ የነበረውን የጻፈ ሰው ካለ ብቻ ነው። የእኛው ጣናም ይህን ይመሰክራል። በሐይቁ ብቻ የሚገኙት ላቤዮባርበስ የተባሉት የዓሣ ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተጠንተው ነበር፤ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ በተደረገ ክትትል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ክፉኛ መመናመናቸው ታወቀ። ያን ማወቅ የተቻለው የፊተኛውና የኋለኛው ልኬት እርስ በርስ የሚነጋገር ስለነበረ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ማሻሻል ራሱ አደጋ ሊሆን ይችላል። የተሻለ መረብ ብዙ ዓሣ ይይዛል፤ የአምናውን ቁጥር ግን ዋጋ ያሳጣዋል። መረቡ መለወጥ ካለበትም አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ተጎትተው ልዩነታቸው መለካት አለበት። የተሻለ መሣሪያ መጠቀም እየተቻለ በአሮጌው መጽናት ስንፍና ይመስላል፤ እዚህ ግን ዲሲፕሊን ነው።

የዚህ ሥራ ምስጉን ሰው ማን ነው ቢባል፣ ብዙ ዓሣ የለካው ወይም ብዙ ስም የሚያውቀው አይደለም። ሥራውን ለሌላ አስረክቦ ሲሄድ መዝገቡ ላይ ያለው አምድ የእጅ ለውጥ ያላሳየለት ሰው ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ ቁጥሮቹን ሲያነብ የሚያየው ልዩነት የባሕሩ እንጂ የለካው ሰው ካልሆነ፣ ሥራው በደንብ ተሠርቷል።