ተረቴን አትንኩብኝ!

ልጅ ተረት ሲነገረው ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት የሰማውን ዛሬም ድገሙልኝ ይላል። ስትደግሙለት አንዲት ነገር ብታስቀሩ ግን ጉድ ፈላ! «እንደሱ አይደለም፤ ጅቡ መጀመሪያ በሩን አንኳኩቷል!» ብሎ ያርማችኋል። ተራኪዎቹ እናንተ፣ ባለቤቱ ግን እሱ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካ የቴአትር አፍቃሪዎች ያስነሱት አቧራ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ስቴፈን ሶንድሃይም በዜማና በግጥም፣ ጄምስ ላፓይን በድርሰት የሠሩት «ኢንቱ ዘ ዉድስ» የተባለ ሙዚቃዊ ተውኔት አለ፤ «ወደ ጫካው» እንደማለት ነው። ብሮድዌይ መድረክ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ሲንደሬላ፣ ራፑንዘል፣ ላሙን በባቄላ የለወጠው ጃክ፣ ቀይ ካባ የለበሰችው ልጅ፣ በጠንቋይ እርግማን ልጅ ያጡት ዳቦ ጋጋሪና ሚስቱ፣ ሁሉም ምኞታቸውን ፍለጋ አንድ ጫካ ውስጥ ይተራመሳሉ። በመጀመሪያው ክፍል ሁሉም የተመኘውን ያገኛል። በሁለተኛው ክፍል ሂሳቡ ይመጣል። ጃክ የገደለው ግዙፍ ሚስት ነበረችው፤ ደም ልትመልስ ትወርዳለች። ልዑላኑ ሌላ ሴት ያያሉ። ሰው ይሞታል።

ዲዝኒ ይህን በሮብ ማርሻል አዘጋጅነት ፊልም ሊያደርገው ነው ሲባል አፍቃሪው ከመጀመሪያውም ልቡ አላረፈም። በሰኔ ወር ደግሞ አዛውንቱ ሶንድሃይም ለድራማ መምህራን ስለሚለወጡ ነገሮች ያወጉትን «ኒው ዮርከር» መጽሔት አወጣው። ራፑንዘል አትሞትም ተባለ። አገር ተቃጠለ! ሶንድሃይም ቆይተው ወሬው ፊልሙን በትክክል አያሳይም ብለው መግለጫ እስከማውጣት ደረሱ። ልብ በሉ፣ ፊልሙ እስኪወጣ ገና ስድስት ወር ይቀረው ነበር። ሳይቀመስ ጨው በዛበት አሉት እኮ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር፣ ከልቦለድ የተሠራ ፊልም አይታችሁ ጻፉ ስላቸው ተማሪዎቼ የሚያመጡልኝ «ይህ ተቆርጧል፣ ያ ቀርቷል» የሚል ዝርዝር ነበር። ዝርዝር ሂስ አይደለም። የጎደለው ነገር ምን ይሠራ ነበር? ጥያቄው እሱ ነው።

እስቲ በዚህ እንመዝነው። መድረኩ ላይ ራፑንዘል በግዙፏ እግር ተረግጣ ትሞታለች። ፊልሙ ውስጥ ከልዑሏ ጋር በፈረስ ትሄዳለች። ጠንቋይዋ፣ ማለትም ሜሪል ስትሪፕ፣ ልጅ ምክር አይሰማም የምትለውን እንጉርጉሮ በሁለቱም ታሰማለች። ልጅ ሞታ ማልቀስና ልጅ ጥላ ሄዳ ማልቀስ ግን አንድ አይደለም። መድረኩ ላይ ያቺ ግንብ ውስጥ ቆልፋ ያሳደገቻት ጨካኝ አሳዳጊ «ዓለም ክፉ ነው» ያለችው እውነት ሆኖ ይገኛል፤ መራራነቱ እዚያ ላይ ነው። ፊልሙ ይህን መራራነት ወስዶብናል። እዚህ ላይ አፍቃሪዎቹ እውነት አላቸው።

ዳቦ ጋጋሪው ሚስቱ ስትሞት ልጁን ትቶ ይሸሻል። መድረኩ ላይ እሱን ትቶት ከሸሸ አባቱ ጋር በዘፈን ይነጋገርና ይመለሳል። ፊልሙ ዘፈኑን አውጥቶታል፤ ሰውየው ትንሽ አልቅሶ ይመለሳል። ይህም ጉዳት ነው። አባትነት በአንድ እንባ አይማርም።

ብዙ ሰው ያላለቀሰለት ትልቁ ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ እረፍቱ። ቴአትር ቤት የመጀመሪያው ክፍል በደስታ ሲያልቅ መጋረጃ ይዘጋል፣ መብራት ይበራል። ተመልካቹ ወጥቶ ለስላሳውን ይጠጣል፣ ያወራል። ለሩብ ሰዓት ያህል «በደስታ ኖሩ» የሚለውን አምኖ ይኖርበታል። ከዚያ ነው ተመልሶ ቁጭ ሲል መሬት የሚንቀጠቀጠው። ፊልሙ ውስጥ ሠርጉና መንቀጥቀጡ ተከታትለው ይመጣሉ። ደስታው ሳይዋጥ ተነጠቀ። ብዙ ተመልካች ሁለተኛው አጋማሽ «የተቀጠለ ይመስላል» ብሎ ያጉረመረመው ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል።

በሌላ በኩል አንድ የተሻለ ነገርም አለ። መድረኩ ላይ ተራኪ ነበር፤ የተረቱ ሰዎች ራሳቸው ለግዙፏ አሳልፈው ይሰጡታል። ድንቅ ቀልድ ነው፣ ግን የቴአትር ቀልድ ነው። ፊልሙ ላይ የሚተርከው ዳቦ ጋጋሪው ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ ለእናት አልባ ልጁ ተረት ሲጀምርለት፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ የሰማነው ድምፅ የዚህ አባት እንደነበር ይገባናል። እኔን እዚህ ላይ አንጀቴን በላው።

አሁን አንዲት ነገር ልጨምር። ይህ ተውኔት ለትንንሽ ተማሪዎች የተዘጋጀ አጭር ቅጂ አለው። የሚያልቀው የት ይመስላችኋል? የመጀመሪያው ክፍል ላይ! ሞት የለ፣ ክህደት የለ፣ ሁሉም በደስታ ይኖራል። ዲዝኒ አንዲት ልጅ ከሞት አዳነ ተብሎ ያን ያህል ሲጮህ፣ ግማሹን ተውኔት የሚያስቀረው ቅጂ ለዓመታት በየትምህርት ቤቱ ሲታይ ኖሯል።

በአፍቃሪዎቹ ግን አልስቅባቸውም። ያ ቁጣ የገንዘብ ቁጣ አይደለም። በልጅነታቸው አንድ ሥራ «ምኞት ዋጋ አለው፣ ዋጋውንም ጎረቤት ሊከፍልልህ ይችላል» ብሎ ያልዋሻቸው ሰዎች ቁጣ ነው። እውነት የነገረህን ተረት አስተካክለው ሊነግሩብህ ሲነሱ ዝም አትልም። ልጁም ጅቡን አስገብቱልኝ የሚለው ጅቡን ወዶት አይደለም። ጅቡ ከሌለ በሩ ለምን እንደተዘጋ አይገባውማ!