ከከተማው ዳር ያለው ጉብታ

የያሱጂሮ ኦዙን «የቶኪዮ ታሪክ» (እ.ኤ.አ. 1953) «ምንም የማይሆንበት ፊልም» የሚሉ አሉ። እኛ አንስማማም።

ሽማግሌውና ባለቤታቸው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከኦኖሚቺ ይመጣሉ። ሐኪሙ ልጃቸው መሀል ከተማ የሚኖር መስሏቸው ነበር፤ ያገኙት ግን ዳር ላይ፣ ቤትም ክሊኒክም የሆነች ጠባብ መኖሪያ ነው። እሑድ ቶኪዮን ሊያሳያቸው ሲሰናዳ በሽተኛ ይጠራዋል፤ ጉብኝቱ ይቀራል። ታዲያ አያት ትንሹን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሣሩ ጉብታ ይወጣሉ። ሲያድግ ምን እንደሚሆን፣ ያን ጊዜስ እሳቸው በሕይወት ይኖሩ እንደሆን ይጠይቁታል። ልጁ በጨዋታው ተጠምዷል፤ አይመልስም።

ለእኛ ከቶኪዮ ሁሉ ትልቁ ቦታ ይህ ጉብታ ነው። ኦዙ ካሜራውን ሰሌን ላይ እንደተቀመጠ እንግዳ ዝቅ አድርጎ ያኖረዋል፤ ተመልካቹም አብሮ እንግዳ ይሆናል።

«ልጆቹ ክፉዎች ናቸው» የሚለውንም ፍርድ አንቀበልም። ሐኪሙ በሽተኛ ጥሎ ያስጎብኝ እንዴ? ክፋት ቢሆን እኮ በቀለለ ነበር! ቅር ያለን፣ ባሏ ውድ ኬክ ገዛላቸው ብላ የምትቆጣው ሺጌ ስስቷ መጋነኑ ብቻ ነው።

እናት አገራቸው እንደገቡ ያርፋሉ። የጉብታው ጥያቄ መልስ ያገኘው ያኔ ነው። «ፈተና አለብን» እያልን አገር ቤት መሄዱን የምናስተላልፍ ሁሉ ይህን ፊልም እንየው።