የዴቪድ ኮፐርፊልድ ሺህ ፓውንድ

ባለፈው ሰሞን በጅቡቲ ከተማ አንዲት የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ወደ እኔ ቀርባ፣ «ጋሼ፣ የሕግ ረዳትነት ብማር ያዋጣኛል?» ስትል ጠየቀችኝ። አባቷ ወደብ ላይ ትራንዚተር ነው። ለትምህርቷ የሚሆነውን ገንዘብ ግን የሚልኩት አዲስ አበባ ያሉት አያቷ ናቸው። ወዲያው መልስ መስጠት አልቻልሁም። ማታ ከመደርደሪያዬ ያወረድሁት መጽሐፍ ግን ይህንኑ ጥያቄ ከ170 ዓመታት በፊት አንሥቶት አገኘሁ። መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የቻርልስ ዲከንስ «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ነው።

ይህ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. ከ1849 እስከ 1850 በየወሩ በክፍል በክፍል የታተመ ነው። እኛ መምህራን ስናስተምረው ስለ እንጀራ አባቱ ጭካኔና ስለ ጠርሙስ አጣቢው ልጅ መከራ ብዙ እናወራለን፤ ልጁ ሥራ የመረጠበትን ክፍል ግን በጥድፊያ እናልፈዋለን። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። ለተማሪዎቻችን ሕይወት ከሁሉ የቀረበው ይኸው ክፍል ነውና።

ዴቪድ ትምህርቱን ሲጨርስ የአባቱ አክስት ቤትሲ ትሮትውድ «ፕሮክተር» እንዲሆን ትመክረዋለች። ፕሮክተር ማለት በለንደን ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አጠገብ፣ «ዶክተርስ ኮመንስ» በተባለው ሥፍራ የኑዛዜ፣ የጋብቻና የመርከብ ጉዳይ የሚያስፈጽም ነገረ ፈጅ ነው። ለማጅ ሆኖ ለመግባት የሚከፈለው 1,000 ፓውንድ ሲሆን ለማጁ ደመወዝ አያገኝም። ልጁ ገንዘቡ እንደ በዛ አይጠፋውም፤ ባነሰ ወጪ ኑሮ የሚጀመርበት መንገድ የለም ወይ ብሎ አክስቱን ይጠይቃል። በኋለኞቹ ዓመታት ጥቂት ደመወዝ ይታሰብለት እንደሆነም የቢሮውን ባለቤት ሚስተር ስፔንሎውን ይጠይቃል። ስፔንሎው እኔስ ባሰብሁበት፣ ባልደረባዬ ጆርኪንስ ግን ንቅንቅ የሚል ሰው አይደለም ይላል። በኋላ ስናየው ጆርኪንስ ገራም ሰው ነው። ክልከላው ሁሉ በማይታየው ሰው ስም ይነገራል እንጂ ከእርሱ አፍ አይወጣም። አንባቢው ይስቃል፤ ነገር ግን በየቢሮው እንዲህ ያለ ጆርኪንስ እንዳለ ያውቃል።

አክስቱ ሀብቷን ባጣች ጊዜ ዴቪድ ውሉን አፍርሶ ከገንዘቡ ጥቂት ለማስመለስ ይሞክራል። አንዱ ወደ ሌላው እያሳየው ባዶ እጁን ይመለሳል። ከዚህ በላይ መራራ የሆነው ግን የስፔንሎው መጨረሻ ነው። ስለ ኑዛዜ አስፈላጊነት ሲሰብክ የኖረው ሰው በድንገት ሲሞት ኑዛዜ አልተገኘለትም፤ ሒሳቡም የተመሰቃቀለ ነበር። ሺህ ፓውንድ ተከፍሎ የሚቀሰመው ሙያ ለባለሙያው ለራሱ አልጠቀመውም።

የዲከንስ ፍርድ ጐልቶ የሚታየው ሦስት ወጣቶችን ጐን ለጐን ስናስቀምጥ ነው። ዴቪድ 1,000 ፓውንድ ከፍሎ ከሙያው ወጣ። ባልንጀራው ትራድልስ የሕግ ጽሑፍ እየገለበጠ 100 ፓውንድ በመከራ አጠራቅሞ ገባ፤ በመጽሐፉ መጨረሻም ዳኛ ሊሆን እንደ ተቃረበ እናያለን። ዩራያ ሂፕ ምንም ሳይከፍል በአለቃው በሚስተር ዊክፊልድ ችሮታ ገባ፤ ሌሊት የተማረውን ሕግም አለቃውን ለማጥመድ አዋለው። እንግዲህ የክፍያው መጠን ለሙያ ዋጋም ሆነ ለሰው ጠባይ ዋስትና አይሆንም።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ዴቪድ ከወደቀበት የሚነሣው በአጭር ጽሕፈት ነው፤ የፓርላማ ክርክር ዘጋቢ ይሆናል፣ ቀጥሎም ስመ ጥር ደራሲ። ይህ የዲከንስ የራሱ መንገድ ነበር። ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1827 በ15 ዓመቱ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊ ሆኖ ተቀጥሯል፤ ኋላም እዚያው ዶክተርስ ኮመንስ በአጭር ጽሕፈት ዘጋቢነት ሠርቷል። ይሁን እንጂ የድርሰት ተሰጥዎ የሌለው ለማጅ ገንዘቡን ካጣ በኋላ ምን ይሁን? መጽሐፉ ይህን አይመልስም። መልሱ በትራድልስ ዘንድ ነበረ፤ ደራሲው ግን ትራድልስን ከጀግናው ኋላ አቆመው።

ደራሲው በታሪኩ ውስጥ ያላካተተው ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1857 የወጡ ሕጎች የኑዛዜንና የጋብቻን ጉዳይ ከዶክተርስ ኮመንስ ወስደው ለአዲስ ፍርድ ቤቶች ሰጡ፤ ሕንጻውም ከ10 ዓመት በኋላ ፈረሰ። ዴቪድ ሺህ ፓውንድ የተከፈለበት ሙያ ራሱ ጠፋ።

አሁን ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የጅቡቲ ሕግ ከፈረንሳይ ሕግ የተቀዳ ነው፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ያዡ ግሬፊዬ፣ መጥሪያ አድራሹ ዊሲዬ፣ ውል አዋዋዩ ኖቴር የሚሠሩት በፈረንሳይኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምራል። ወጪው ግን የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ አይደለም፤ ሳይሠሩ የሚያልፉት ዓመታትም ይቈጠራሉ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የታሰረ ሲሆን የኢትዮጵያ ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ዶላር በብር ከእጥፍ በላይ ተወድዷል። አያቷ በብር ለሚልኩላት ልጅ ሺህ ፓውንዱ ይህ ነው።

ጥቅሙስ? የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ያልፋል፤ እያንዳንዱም ጭነት ውል፣ የመርከብ ሰነድና የጉምሩክ ወረቀት ይዞ ከአንዱ አገር ሕግ ወደ ሌላው ይሻገራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ አንድን ውል በፈረንሳይኛ አንብባ በአማርኛ የምታስረዳ ልጅ በሁለቱ አገሮች መካከል ተፈላጊ ናት። ይህ ችሎታ ለእርሷ የዴቪድ አጭር ጽሕፈት ማለት ነው። በአንጻሩ ቅጽ መሙላትና ማመልከቻ መገልበጥ ብቻ ከተማረች፣ ያን ሥራ ዛሬ ኮምፒዩተር እየወሰደው ስለሆነ የዶክተርስ ኮመንስ ዕጣ ይደርሳታል።

በማግስቱ ለተማሪዬ የነገርኋት ይህን ነበር፤ አንድ ነገርም ጨመርሁላት። ዴቪድ ከመፈረሙ በፊት የአንድ ወር ሙከራ ተሰጥቶት ነበር፤ ወሩን ግን አንድም ነገር ሳይመረምር አሳለፈው። «አንቺ በክረምቱ አባትሽ ቢሮ አንድ ወር ተቀመጪ» አልኋት። «የትኛውን ወረቀት ሰው እንደሚፈልገው፣ የትኛውንም መኪና እንደሚጽፈው በዐይንሽ እዪ። ከዚያ በኋላ የአያትሽን ገንዘብ እናወጣለን ወይስ አናወጣም ብለን እንነጋገራለን።»